ትንንሽ ጄቶች ውቅያኖስ መሻገር ለምን አቃታቸው? የገልፍስትሪም 2 ንድፍ ከውስጥ ሲታይ

እ.ኤ.አ. በሜይ 1968 አንድ ባለ ሁለት ሞተር ጄት ኒው ጀርሲ ውስጥ ካለው የቴተርቦሮ አየር ማረፊያ ተነሳ። የትም ሳያርፍ፣ ነዳጅም ሳይጨምር፣ ለንደን አጠገብ ጋትዊክ ላይ አረፈ። ርቀቱ ወደ 5,600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አውሮፕላኑ ገልፍስትሪም 2 ይባላል። አትላንቲክን በአንድ ትንፋሽ የተሻገረ የመጀመሪያው ቢዝነስ ጄት እሱ ነበር። (ከዚህ በታች የምታገኟቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ታዲያ ይሄ ምኑ ይገርማል?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ቦይንግ 707ን የመሳሰሉ ትልልቅ ጄቶች ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ መንገደኛ ጭነው ውቅያኖሱን በቀጥታ ይሻገሩ ነበር። ከመቶ በላይ ሰው ከነሻንጣው የሚያሻግር አውሮፕላን እያለ፣ አሥራ ምናምን ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ ጄት ይህንኑ ለማድረግ አሥር ዓመት ገደማ መዘግየቱ ነው ግራ የሚያጋባው። እኛ የምናስበው በተቃራኒው ነዋ! ትንሽ ነገር ቀላል ነው፣ ቀላል ነገር ደግሞ ሩቅ ይሄዳል እንላለን። በአውሮፕላን ዓለም ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ከገባችሁ፣ የገልፍስትሪም 2 ንድፍ ግማሹ ገባችሁ ማለት ነው።

ትንሽ መሆን ያስከፍላል

እስቲ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ውሰዱና በሐሳባችሁ ርዝመቱንም፣ ስፋቱንም፣ ቁመቱንም በግማሽ ቀንሱት። የውጭ ገጹ፣ ማለትም አየሩ እየታከከው የሚያልፈው ቆዳው፣ ስንት ይሆናል? ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ነው። ውስጡ የሚይዘው ነዳጅስ? እሱ የሚለካው በይዘት ስለሆነ ግማሽ በግማሽ በግማሽ ይባዛል፤ አንድ ስምንተኛ! አያችሁ፣ አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ወደ ሩብ ሲወርድ ነዳጁ ወደ አንድ ስምንተኛ ወርዷል። በሌላ አነጋገር፣ መታገል ካለበት ጉተታ ጋር ሲነጻጸር የነዳጁ መጠን በግማሽ አንሷል። ይህ የማንም መሐንዲስ ጥፋት አይደለም፤ የጂኦሜትሪ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ ያስቃል። አውሮፕላኑን በግማሽ መቀነስ ይቻላል፤ ሰውየውን ግን አይቻልም። የትልቅ ጄትን ክፍል በግማሽ ብትቀንሱት ተሳፋሪው ወደ ወንበሩ የሚደርሰው በእንብርክኩ እየዳኸ ነው። ትልቅ ገንዘብ ከፍሎ አውሮፕላን የሚገዛ ድርጅት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ እንዲድህ አይፈልግም። ስለዚህ ትንሽ ጄት ከርዝመቱ ጋር ሲነጻጸር ወፈር ያለ አካል ይዞ መብረር ግዴታው ይሆናል። ውፍረት ደግሞ ጉተታ ነው።

ሦስተኛው ሞተር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትንሽ ሆኖ ነዳጅ የሚቆጥብ የጄት ሞተር ገበያ ላይ አልነበረም። የነበሩት ትንንሽ ሞተሮች የተወለዱት ለጦር አውሮፕላንና ለመሳሰሉት ነው፤ ለእነሱ ደግሞ ቁም ነገሩ ኃይልና ፍጥነት እንጂ ቁጠባ አልነበረም።

ከዚያ በፊት የነበሩት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ኩባንያዎች ኃላፊዎቻቸውን የሚያጓጉዙት ባብዛኛው በተለወጡ የጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች ነበር። ዲሲ-3 ይገዛና ውስጡ ምንጣፍና ሶፋ ይገባለታል፤ አለቀ። አንዳንዶቹ ቦምብ ጣይ እንኳን ለውጠው ይጠቀሙ ነበር። ግሩማን የተባለው፣ በመርከብ ላይ በሚያርፉ ተዋጊ አውሮፕላኖቹ የታወቀው ኩባንያ፣ ይህን አይቶ ከመጀመሪያው ለቢዝነስ ብሎ የነደፈውን ገልፍስትሪም 1ን በ1958 አበረረ። ይሄኛው ጄት አይደለም። በሮልስ ሮይስ ዳርት ተርባይን የሚሽከረከሩ ሁለት ፕሮፔለሮች ነበሩት። ጠንካራና የሚታመን፣ አጭር ማኮብኮቢያ የሚበቃው አውሮፕላን ሲሆን ወደ 200 የሚጠጉ ተሠርተዋል። ፍጥነቱ ግን በሰዓት 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር።

ጄቱን ሌሎች ቀደሙ። የሎክሂዱ ጄትስታር ንድፉ ከተጀመረ ስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 1957 በረረ። የዳሶው ሚስቴር 20 እና ሌርጄት 23 በ1963 ተከተሉ። ሁሉም ፈጣኖች ናቸው። ነገር ግን ኒው ዮርክ ያለ ሰው በእነሱ ለንደን ልሂድ ቢል፣ መንገድ ላይ ካናዳ ወይም አይስላንድ ወርዶ ነዳጅ መቅዳት ነበረበት። ጄትስታር ለምርት ሲደርስ አራት ትንንሽ ሞተሮች ነበሩት፤ አራቱም ጥማተኞች።

የስንቅ ሒሳብ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አትፍሩ፣ ማባዛት ብቻ ነው።

ሩቅ አገር የሚሄድ ነጋዴ ስንቁን በአህያ ይጭናል እንበል። አህያዋም ገብስ ያስፈልጋታል፤ እሱም ራሷ ላይ ይጫናል። መጀመሪያው ቀን ላይ የምትሸከመው አብዛኛው የራሷን የነገና የከነገ ወዲያ ቀለብ ነው። መንገዱ አንድ ቀን በጨመረ ቁጥር የዚያን ቀን ቀለብ ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ቀለብ እስከዚያ ቀን ተሸክሞ ለመድረስ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ቀለብም መጫን ይኖርባታል። አውሮፕላንና ነዳጅም እንዲሁ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ገልፍስትሪም 2ዎች ሲነሱ ክብደታቸው እስከ 26 ቶን ይደርስ ነበር። ከዚህ ውስጥ ነዳጁ ብቻ ወደ 10.5 ቶን ይሆናል፤ ከክብደቱ 40 በመቶ! አንድ አውሮፕላን በየሰዓቱ የሚያቃጥለው ነዳጅ በዚያ ሰዓት ካለው ክብደት ጋር ይመጣጠናል፤ ከባድ ከሆነ ብዙ፣ ከቀለለ ጥቂት። ነገሩን ለማቅለል በየሰዓቱ የክብደቱን 7 በመቶ ያቃጥላል እንበል። መጀመሪያው ሰዓት ላይ 26 ሲባዛ በ0.07፣ ወደ 1.8 ቶን ይጠፋል። ሰባተኛው ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ወደ 16.8 ቶን ወርዶ ስለሚቆይ የሚያቃጥለው 1.2 ቶን ገደማ ብቻ ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ 15.6 ቶን ይቀራል፤ ነዳጁም ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

አሁን ጥያቄው፦ ስምንተኛ ሰዓት ለመጨመር ስንት ነዳጅ ያስፈልጋል? «ሰባተኛው 1.2 ቶን ከወሰደ፣ ስምንተኛውም ያንኑ ያህል» ትሉ ይሆናል። ካልኩሌተራችሁን አውጡና 15.6ን ለ0.93 ስምንት ጊዜ አካፍሉ። 27.9 ቶን ታገኛላችሁ። ለአንዲት ተጨማሪ ሰዓት 1.9 ቶን ነዳጅ ገና ሲነሱ መጫን አለበት ማለት ነው! ለዚያውም ይህን ነዳጅ የሚይዝ ተጨማሪ ታንክ፣ ክብደቱን የሚችል ጠንካራ ክንፍና ጎማ ሳይቆጠር። እነሱም ክብደት ናቸው፤ እነሱም ነዳጅ ይጠይቃሉ።

ስሌቱን ገልብጡት ደግሞ። የተሻለ ሞተር ወይም የተሻለ ክንፍ አግኝታችሁ 7 በመቶው ወደ 6 ቢወርድ፣ ለዚያው ለሰባት ሰዓት መንገድ የሚበቃው ነዳጅ ከ10.4 ወደ 8.5 ቶን ገደማ ይወርዳል። በወረቀት ላይ አንዲት ቁጥር ዝቅ አለች፤ አየር ላይ ግን ሁለት ቶን ሊሞላ ምንም ያልቀረው ክብደት ተቆጠበ። የአውሮፕላን ነዳፊዎች ለአንድ በመቶ ሲጨቃጨቁ የሚያድሩት ወደው አይደለም።

(እውነተኛው በረራ ከዚህ ይወሳሰባል። ታንኩን አሟጦ የሚያርፍ አብራሪ የለም። አየሩ ቢበላሽ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚያደርስ መጠባበቂያ የግድ ይያዛል።)

ግሩማን ምን አደረገ?

በ1965 ኩባንያው ጄት ለመሥራት ወሰነ። ያን ጊዜ ግሩማን ሥራ የፈታ ድርጅት እንዳይመስላችሁ፤ በቤትፔጅ፣ ኒው ዮርክ፣ ጠፈርተኞችን ጨረቃ ላይ የሚያሳርፈውን የአፖሎ ተሽከርካሪ እየሠራ ነበር። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ጄቱ ላይ ሁሉንም ነገር ከዜሮ ያልጀመሩት። እኔ ከንድፉ ውስጥ በጣም የሚገርመኝ ያልተቀየረው ነገር ነው፤ የገልፍስትሪም 1 አካል ዙሪያ ልክ እንዳለ ተወሰደ። ሰው ሳይጎነበስ የሚቆምበት፣ ከፍታው 1.85 ሜትር ገደማ የሆነው ክፍል፣ ትልልቆቹ ሞላላ መስኮቶች፣ ሁሉም ቀጠሉ። ደንበኞቹ ለምደውታል፣ ወደውታልም። ከላይ ያልነው «ሰው አያንስም» የሚለው ችግር እዚህ ላይ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው፤ ውፍረቱን እንቀበል፣ ዋጋውን ሌላ ቦታ እንክፈል አሉ።

የተከፈለው ክንፉና ሞተሩ ላይ ነው።

ክንፉ አዲስ ነው። ስፋቱ 75 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ኋላ 25 ዲግሪ ያዘነብላል። ማዘንበሉ አውሮፕላኑ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ጉተታ ያዘገያል። ከመጠን በላይ ቢያዘነብል ግን ቀስ ብሎ ማረፍ ያስቸግራል፤ ቢዝነስ ጄት ደግሞ ትንንሽ ማረፊያዎች ላይ መውረድ ካልቻለ ጥቅሙ ምንድነው? 25 የተመረጠው ይህን ሁለቱን ለማስታረቅ ነው።

ነዳጁ ያለው ሁሉ ክንፉ ውስጥ ነው። «ክንፉ ውስጥ ታንክ አለ» ማለት አይደለም፤ ክንፉ ራሱ ታንኩ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ታሽገው፣ ከ13 ሺህ ሊትር በላይ ነዳጅ በቀጥታ እዚያ ይፈሳል። የተለየ ታንክ ስለሌለ ክብደት ይቀንሳል። ሌላም የሚጣፍጥ ጥቅም አለው፦ አየር ላይ ሲሆን ክንፉ ወደ ላይ መታጠፍ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የሚያነሳው ኃይል ያለው ክንፉ ላይ ሲሆን ከባዱ አካል ደግሞ መሐል ላይ ነው። ነዳጁ ክንፉ ውስጥ ሲሆን ግን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ሁለቱ ኃይሎች በከፊል ይጣፋሉ። ስለዚህ ክንፉ በጣም ወፍራም ብረት አያስፈልገውም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ርቀቱን ለመጨመር ሲፈለግ ሌላ ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ነዳጅ የሚይዙ ታንኮች የተንጠለጠሉት ክንፉ ጫፍ ላይ መሆኑ ድንገት አይደለም።

ሞተሩ ሮልስ ሮይስ ስፔይ ነው። ይህ ሞተር የተነደፈው ለመንገደኛ አውሮፕላን ነበር፤ ትራይደንትና ቢኤሲ ዋን-ኢለቨን የሚባሉት የእንግሊዝ ጄቶች ይበሩበት ነበር። ለቢዝነስ ጄት ትልቅ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ከአሥር ቶን በላይ ግፊት ይሰጣሉ። 26 ቶን ለሚመዝን አውሮፕላን ይህ ልክ ያለፈ ነው ብትሉ አልሳሳታችሁም። ይሁን እንጂ ስፔይ ቱርቦፋን ነው፤ ከሚውጠው አየር ከፊሉ እሳቱ ውስጥ ሳይገባ በዙሪያው ያልፋል። በዚያ ዘመን ለነበሩት ትንንሽ ሞተሮች ይህ ቅንጦት ነበር። ደግሞም በየቀኑ መንገደኛ እያመላለሰ የተፈተነ ሞተር ነው። ውቅያኖስ መሐል ላይ ሆናችሁ የምትፈልጉት አዲስ ፈጠራ ሳይሆን የለመደ ሞተር ነው።

የኃይሉ ትርፍ ደግሞ አልባከነም። አውሮፕላኑ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ከፍታ ቶሎ መውጣት ይችላል። እዚያ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ጉተታው ይቀንሳል። ነዳጅ እየተቃጠለ አውሮፕላኑ ሲቀልል፣ አብራሪው ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። አህያዋ ስንቁ ሲቀልላት ዳገቱን እንደምትወጣው በሉት።

ሞተሮቹ ከኋላ፣ ከጭራው ሥር ተሰቅለዋል። ክንፉ ከማንኛውም ተለጣፊ ነገር ነጻ ሆነ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። አውሮፕላኑም ለመሬት ቀረብ ስለሚል ራሱ በሚዘረጋው መሰላል ሰው ይወርዳል፤ የአየር ማረፊያ መሰላል መጠበቅ የለም። ሞተሩ ቦታውን ስለያዘ ግን አግዳሚው ጭራ ቀጥ ካለው ጭራ አናት ላይ ወጣ። ከፊት ስታዩት የላቲኑን «ቲ» ይመስላል።

ይህ የጭራ ዓይነት በዚያን ጊዜ ያስፈራ ነበር፤ በምክንያት። በኦክቶበር 1963 ያው በስፔይ የሚበረው ዋን-ኢለቨን ሙከራ ላይ እያለ ተከስክሶ የነበሩበት ሰባት ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። አውሮፕላን አፍንጫውን ከልክ በላይ ካነሳ አየሩ ከክንፉ ላይ ይላቀቅና የሚያነሳው ኃይል ድንገት ይጠፋል፤ ስቶል ይባላል። በተለመደው ጭራ አብራሪው አፍንጫውን ወደ ታች ገፍቶ ይወጣበታል። ጭራው ከላይ ሲሆን ግን ከክንፉ የሚወጣው የተበጠበጠ አየር በቀጥታ ጭራውን ይሸፍነዋል፤ መሪውን ቢገፉት ጭራው አይታዘዝም። አውሮፕላኑ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይወርዳል። ከዚያ አደጋ በኋላ በዚህ ዓይነት ጄቶች ላይ መከላከያ መግጠም የተለመደ ሆነ። ገልፍስትሪም 2ም ላይ አለ፦ አውሮፕላኑ ወደ አደገኛው ማዕዘን ሲጠጋ መጀመሪያ መሪው በአብራሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። አልሰማም ካለ፣ መሣሪያው ራሱ መሪውን ወደ ፊት ይገፋል። ዛሬ ማንም የማያስታውሳቸው ሰባት ሰዎች በዚያ መንቀጥቀጥ ውስጥ አሉ።

ግሩማን የሙከራ ናሙና ብሎ ለብቻው የሠራው አውሮፕላን አልነበረም። በኦክቶበር 2 ቀን 1966 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ራሱ ከምርት መስመር የወጣ ነው። ድፍረት ነው፤ ስህተት ቢገኝ የተሠሩት ሁሉ ይነካሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 1967፣ የብቃት ማረጋገጫውን አገኘ። ምርቱም ሳቫና፣ ጆርጂያ ወደ ተከፈተው አዲስ ፋብሪካ ሄደ።

ነፋሱ ከየት ነው?

አሁን ወደ ሜይ 1968 እንመለስ። በረራው ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ መሆኑን ልብ ብላችኋል? በአትላንቲክ ላይ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ ነፋስ አለ። አውሮፕላኑ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ይበራል፣ ነፋሱ 100 ነው እንበል። ወደ ለንደን ሲሄድ ፍጥነቱ ከመሬት አንጻር 950 ይሆናል፤ 5,600 ኪሎ ሜትር ስድስት ሰዓት አይሞላም። ሲመለስ 750 ነው፤ ሰባት ሰዓት ተኩል። የአንድ ሰዓት ከግማሽ ልዩነት፣ በዚያ የስንቅ ሒሳባችን፣ ከሁለት ቶን በላይ ነዳጅ ነው። ስለዚህ አንድ ጄት «አትላንቲክን ይሻገራል» ሲባል ስትሰሙ ወዴት አቅጣጫ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ገልፍስትሪሞች ሁሉ ትልቁ ትግላቸው ይህን የመልስ ጉዞ በመጠባበቂያ ነዳጅ ሳይጨነቁ መጨረስ ነበር።

ሩቅ የሚሄደውን እንደ ድንጋይ መጣል

ከ250 በላይ ገልፍስትሪም 2ዎች ተሠርተዋል፤ አብዛኞቹ ሀብታም አመላልሰው አርጅተዋል። አራቱ ግን ሌላ ሕይወት ኖሩ።

የናሳ የጠፈር መንኮራኩር ሲመለስ ሞተር አያስነሳም። ወደ 100 ቶን የሚመዝን፣ አጭር ክንፍ ያለው፣ የሚንሸራተት ጡብ ነው ብትሉት ይሻላል። ማኮብኮቢያውን ከሳተ ዞሮ የሚሞክርበት ኃይል የለውም፤ ዕድሉ አንዲት ብቻ ናት። ታዲያ አብራሪው ይህን የት ይለማመድ? መሬት ላይ ያለ ማስመሰያ የሆድን መገለባበጥ አያስተምርም።

ናሳ ገልፍስትሪም 2ን መረጠ። የመንገደኛ ጄት ሲያርፍ ቁልቁለቱ 3 ዲግሪ ነው፤ አንድ ሜትር ለመውረድ 19 ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። መንኮራኩሩ የሚወርደው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በሚደርስ ቁልቁለት ነው፤ ለአንድ ሜትር ሦስት ሜትር ብቻ። ችግሩ፣ ገልፍስትሪም 2 ሩቅ እንዲንሸራተት ተብሎ የተሠራ መሆኑ ነው። ልውረድ ቢል እንኳን በቀላሉ አይወርድም፤ አፍንጫውን ብትደፉት ይፈጥናል እንጂ ጉተታው በቂ አይሆንም። ስለዚህ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ይወርዳሉ፣ ከዚያም የሞተሮቹ ግፊት መገልበጫ አየር ላይ ይከፈታል። ይህ በተለመደው አሠራር መሬት ከተነካ በኋላ ብቻ የሚሠራ ፍሬን ነው። ሞተሮቹ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ እየገፉ እሱ ወደ ታች ይወረወራል። ያ ልክ ያለፈ የመሰለን የስፔይ ኃይል እዚህ ላይ ጠቀመ፤ የጠነከረው አካሉም ይህን ሁሉ ቻለ።

የግራው ወንበር እንደ መንኮራኩሩ ተደርጎ ተስተካከለ፣ መስኮቱም በከፊል ተሸፈነ። ኮምፒዩተር መሐል ገብቶ አውሮፕላኑ ለመሪው የሚሰጠውን ምላሽ የመንኮራኩሩ አስመሰለው። አብራሪው ማኮብኮቢያው ላይ ሲደርስ፣ ዓይኑ በእውነተኛው መንኮራኩር ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሚኖርበት ከፍታ ላይ ሳለ መብራት ይበራል፤ አርፈሃል ማለት ነው። ጎማው ግን መሬት አልነካም። በቀኝ የተቀመጠው አሠልጣኝ ኃይል ሰጥቶ እንደገና ወደ ላይ ያወጣዋል። አንድ የመንኮራኩር አዛዥ ለእውነተኛው በረራ ከመድረሱ በፊት ይህን ቢያንስ አንድ ሺህ ጊዜ ያደርግ ነበር። መንኮራኩሮቹ በ2011 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥልጠናው የቀጠለው በነዚሁ አውሮፕላኖች ነው።

የስፔይ ጩኸት

ለውቅያኖስ ያበቃው ሞተር በኋላ ዕዳ ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት ግፊት ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሞተር አየርን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ግፊቱ የአየሩ ክብደት በፍጥነቱ ተባዝቶ ነው። የሚወጣው ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ጥቂት አየር በጣም በፍጥነት ከመወርወር፣ እጥፍ አየር በግማሽ ፍጥነት ብትገፉ ያንኑ ግፊት በግማሽ ጉልበት ታገኛላችሁ። ዛሬ በመንገደኛ ጄት ክንፍ ሥር የምታዩአቸው ሰፋፊ ሞተሮች የሰፉት ለዚህ ነው። ስፔይ ግን ቀጭን ነው፤ በዙሪያው የሚያልፈው አየር እሳቱ ውስጥ ከሚገባው ያንሳል።

ድምፁማ ይብሳል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው፣ ከጄት የሚወጣ ጩኸት ኃይሉ ከጋዙ ፍጥነት ስምንተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል 256 እጥፍ! በአየር ማረፊያ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ቀመር ሳያውቁ በጆሯቸው ያውቁታል።

መሐንዲሶቹ መጀመሪያ ክንፉን አሻሻሉ። በ1979 መጨረሻ የበረረው ገልፍስትሪም 3 ክንፉ ረዝሞ፣ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ነበር፤ ሞተሩ ያው ስፔይ። ዋናው መፍትሔ የመጣው በ1985 በበረረው ገልፍስትሪም 4 ነው። ሮልስ ሮይስ የስፔይን ውስጠኛ ክፍል፣ ያንን የተፈተነውን ልብ፣ ወስዶ ፊቱ ላይ በጣም ሰፊ ማራገቢያ ገጠመለትና ታይ ብሎ ሰየመው። እሳቱ ውስጥ ሳይገባ የሚያልፈው አየር ከሚገባው ወደ ሦስት እጥፍ ደረሰ። ጥማቱ በረደ፣ ጩኸቱም ወረደ።

የድሮዎቹ ግን ከነጩኸታቸው ቀሩ። አሜሪካ ከ2015 ማብቂያ በኋላ ድምፃቸው ከተወሰነ ልክ የሚያልፍ ትንንሽ ጄቶች በሰማይዋ እንዳይበሩ ከለከለች። ገልፍስትሪም 2ዎችም ወይ ከሞተራቸው ኋላ የድምፅ ማፈኛ ገጠሙ፣ ወይ ቆሙ። ማፈኛው ደግሞ ክብደት ነው፤ ክብደት ምን እንደሚያስከትል አሁን ታውቃላችሁ። ብዙ ባለቤቶች ሒሳቡን ሠርተው አውሮፕላናቸውን ለመለዋወጫ ሸጡት።